እፍግታ ላይ ልጆች ሁሌ የሚሳሳቷቸው ነገሮች

እፍግታ ማለት የአንድ ነገር ግራም ለቮልዩሙ (ለሚይዘው ቦታ) ሲካፈል የሚገኘው ነው። ፈተና ባረምኩ ቁጥር የሚያበሽቀኝ አንድ መልስ አለ። «ብረት ለሁለት ቢቆረጥ የግማሹ እፍግታ ስንት ይሆናል?» ሲባል «በግማሽ ይቀንሳል»። አይቀንስም! ብረቱ 78 ግራም ይሁን፣ ቮልዩሙ 10 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ሲካፈል 7.8 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ። ቁረጡት፣ 39 ግራም ለ5፣ ያው 7.8 ነው። ግራሙ ሲቀንስ ቮልዩሙም አብሮ ነው የሚቀንሰው እኮ፣ ልጆቹ ግን የላዩን ያዩና የታቹን ይረሱታል። እፍግታው ከውሃ ያነሰ ነገር ይንሳፈፋል፣ የበለጠው ይሰምጣል፤ ዘንድሮ በቃል ማስረዳት ሰለቸኝና ሻማና ባልዲ ውሃ ይዤ ገባሁ፣ ሙሉውን ጣልኩት ተንሳፈፈ፣ ለሁለት ቆረጥኩት ሁለቱም ተንሳፈፉ፣ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ መጥታ በጥፍሯ ባቄላ የምታክል ቆርሳ ጣለች፣ እሷም ተንሳፈፈች። «ቲቸር፣ ያው ሻማ ነዋ!» አለችኝ። እኔ ግማሽ ሰዓት የለፋሁበትን በሦስት ቃል ጨረሰችው፣ ደስ አለኝ።

«ከባድ ነገር ይሰምጣል» የሚለውም ልክ አይደለም። ሚስማር ትሰምጣለች፣ አራት ሰው የሚሸከመው የደረቀ የጥድ ግንድ ይንሳፈፋል።

ወፍራም ፈሳሽ ሁሉ እፍግታው ትልቅ ይመስላቸዋል። ዘይት ከውሃ ይወፍራል፣ ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ግን ዘይቱ ነው። ያሳሳታቸው ማር መሰለኝ፣ እሱ ወፍራምም ነው እፍግታውም 1.4 አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ማር ገዝታችሁ የሊትሩ ዕቃ ካልሞላ ሻጩን አትጣሉት፣ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሊትር ዘይት ደግሞ ኪሎ አይሞላም።

የውሃ ሁሉ እፍግታ 1 አይደለም፣ ጨው ሲበዛበት ይጨምራል። አፋር አሳሌ ሐይቅ ላይ ዋና የማይችል ሰው እንኳን ተንጋሎ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው።

ዩኒት ስትቀይሩ የአሉሚኒየም 2.7 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ በ1000 ተባዝቶ 2700 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይሆናል። አካፍላችሁ 0.0027 ካመጣችሁ ቆም በሉ፣ አየር ራሱ 1.2 ገደማ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ የድንጋይ እፍግታ ስትለኩ ደግሞ መጀመሪያ ደረቁን መዝኑ፣ ከዛ በክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ውሃው ከፍ ያለበት መጠን ቮልዩሙ ነው። እኔ ኮሌጅ እያለሁ ገልብጬ ሰርቼው፣ ከውሃ ያወጣሁትን ቀይ አሽ (ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እርጥቡን መዝኜ የኔ ውጤት ከሁሉም በልጦ ወጣ፣ ቀዳዳው ሁሉ ውሃ ጠጥቶ ነበር። ለዚህ ሙከራ የወንዝ ጠጠር ይሻላል።