የሚንሳፈፍ ሮቦት ውኃ ሲያስገባ፦ ችግርና መፍትሄ

የሮቦቱ ሞተርና ባትሪ ያሉበት ሳጥን ውስጥ ውኃ ሲገኝ እጃችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሲሊኮን ነው። ትንሽ ቆዩ። ውኃው የተጠራቀመበት ቦታ የገባበትን አይናገርም፤ ከገባ በኋላ ወደ ዝቅተኛው ጥግ ይወርዳል። መጀመሪያ ባትሪውንና ሰርኪዩቱን አውጡ። (ሊቲየም ባትሪ ከረጠበ ቻርጅ አታድርጉት፤ ደጅ አውጥታችሁ ከሚቀጣጠል ነገር አርቁት።) ከዚያ በሳጥኑ ውስጥ በኩል በክዳኑ ጠርዝ፣ በዘንጉ (የሞተሩን ዙር ወደ ውጪ የሚያወጣው ብረት) እና በሽቦ መውጫው ዙሪያ ለየብቻ ሶፍት ለጥፉ። ሳጥኑን ክብደት ጭናችሁ ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ድፈቁት። የራሰው ሶፍት ጥፋተኛውን ያሳያል።

ሲቆም ደረቅ ነው፣ ሞተሩ ሲዞር ያስገባል

ጣጣው ዘንጉ ጋ ነው። በጣት አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ያዝ ካደረገ ወይ ተጣሟል፣ ወይ ከሞተሩ ጋር ቀጥ ብሎ አልገጠመም፤ በዞረ ቁጥር ማሸጊያውን ይበላዋል። አቃኑት። ቀጥሎ ዘንጉን በቀጭን የብረት ቱቦ አሳልፉና ቱቦውን ውኃ በማያጥበው ግሪስ ሙሉት። ከተቻለ የቱቦው የውስጥ ጫፍ ከውኃው ወለል በላይ ይሁን። ለእኔ ይህ ከየትኛውም ማሸጊያ ይበልጣል። ማሸጊያውን ከልክ በላይ ማጥበቅ ግን ሞተሩን ያግላል፣ ባትሪም ይጨርሳል።

ሁሉም ታሽጓል፣ ውኃ ግን የሽቦው ጫፍ ላይ ብቅ ይላል

ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ባለ ብዙ ክር ሽቦ በላስቲኩ ውስጥ ውኃን እንደ ኩራዝ ክር ይስባል። ላስቲኩን ከውጪ ብታሽጉት ለውጥ የለውም። ሽቦው ሳጥኑን የሚያልፍበት ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ላጡት፣ የተላጠውን በካውያ የቀለጠ ሊድ አጠጡት፣ ከዚያ በኤፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ በሚደርቅ ሙጫ) ድፈኑት።

ፀሐይ ላይ ደህና ነበር፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካ ያስገባል

ሳጥኑ ራሱ ውኃውን እየሳበ ነው። በ40 ዲግሪ የታሸገ አየር ወደ 20 ሲወርድ ግፊቱ በ6 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ካለ የውኃ ግፊት ጋር እኩል ነው። ክዳኑን የምትዘጉት ጥላ ሥር፣ ሳጥኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን። አለበለዚያ ጫፏ ከውኃው በላይ ከፍ ያለ ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ አውጡለት። ክዳኑ ላይ ጤዛ ብቻ ካያችሁ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ይበቃዋል።

ሲሊኮኑ በጥፍር ይላጣል

ብዙ የምግብ መያዣ ሳጥን ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ሲሊኮንም ሙጫም በደንብ አይይዘውም። ጎማ ያለውና በዳዶ የሚጠብቅ የሽቦ ማስገቢያ ግጠሙለት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮንም ሰርኪዩት አጠገብ አይድረስ፤ አሲዱ መዳብ ይበላል።

ውስጡ ደረቅ ነው፣ ግን ሪሞቱን አይሰማም

ሪሞቱ የሚልክበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ውኃ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። አንቴናውን ከውኃው በላይ አቁሙት።