ሳይፈታ የሚወረወር ምኅጻረ ቃል፦ በመልእክት ልውውጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ሰው የሚወያይባቸውን የቴሌግራም ቡድኖች ለዓመታት አስተባብሬአለሁ። ተማሪው፣ ነርሷ፣ ጡረተኛው፣ የኮምፒውተር ባለሙያው በአንድ ላይ ይጽፋሉ። ስድብ ሲጻፍ ሁሉም ያየዋል፣ ወዲያው ይሰረዛል። ያልተፈታ ምኅጻረ ቃል ሲጻፍ ግን ማንም ልብ አይለውም። የገባው ይመልሳል፤ ያልገባው ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱንም የሚያይለት የለም። ሰው ከውይይት ሲርቅ ደጋግሜ ያየሁት በዚህ መንገድ ስለሆነ ነገሩ ያንገበግበኛል።

አንባቢው የእኛን መዝገብ ይዟል ብሎ ማሰብ

የስህተቶቹ ሁሉ ሥር ይህ ነው። በቴሌግራፍ ዘመን ማሳጠር ትልቅ ሙያ ነበር። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1879 ዋልተር ፊሊፕስ የተባለ አሜሪካዊ ለዜና ማስተላለፊያ የሚያገለግል ሰፊ የምኅጻረ ቃላት መዝገብ አዘጋጀ። ላኪው በምኅጻሩ ይልካል፤ ተቀባዩ መዝገቡን በቃሉ ያውቀዋልና እየሰማ ሙሉውን ይጽፋል። ጋዜጣውን የሚገዛው ሰው እጅ የሚገባው የተፈታው ጽሑፍ ነበር። ምኅጻሩ የሁለት ባለሙያዎች ጉዳይ ሆኖ በመካከላቸው ይቀራል። እኛ ግን ፈቺውን አስቀርተን ምኅጻሩን በቀጥታ ለአንባቢው እንልካለን።

ጡረታ የወጡት የብሪታንያ ባሕር ኃይል አድሚራል ጆን ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1917 ለዊንስተን ቸርችል በጻፉት ደብዳቤ ላይ ዛሬ በየመልእክቱ የምናየውን «ኦ ኤም ጂ» ተጠቅመው ነበር። እስካሁን ከተገኙት አጠቃቀሞች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። አድሚራሉ ሦስቱን ፊደላት እንደጻፉ በቅንፍ ውስጥ «ኦ፣ አምላኬ!» ብለው ፈቷቸው። ቸርችልን ለመሰለ አንባቢ እንኳ መፍታት ተገቢ መስሎ ታይቷቸዋል። የእኛም አሠራር ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ መጀመሪያ ሲነሣ ሙሉውን መጻፍ፣ ምኅጻሩን በቅንፍ ማስከተል፣ ከዚያ በኋላ በምኅጻሩ መቀጠል። በቡድን ውይይት ደግሞ ሰው በየሰዓቱ ስለሚገባና ስለሚወጣ፣ ጠዋት የፈታነውን ማታ እንደገና መፍታት ያስፈልጋል።

«ቦታ አይበቃም» ማለት

ይህ ሰበብ በጊዜው እውነት ነበር። አንድ የስልክ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይገባበታል፤ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ግን 2 ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በላቲን ፊደል ከሚጽፈው ይልቅ ለማሳጠር ይገደድ ነበር፤ አልፈርድበትም። ዛሬ አንድ የቴሌግራም መልእክት እስከ 4,096 ሆሄ ይይዛል። ምክንያቱ ከቀረ ቆይቷል፤ ልማዱ ግን አልለቀቀንም።

ሁለት ፍች ያለውን እንደ አንድ መጻፍ

የእኛው ምኅጻረ ቃላት ራሳቸው ስንት ወጥመድ አለባቸው። «ም/ቤት» ምክር ቤትም ምግብ ቤትም ነው። «ሚ» ሚሊዮን፣ ሚሊ ሜትር ወይም ሚኒስትር ሊሆን ይችላል። «ወ/» ከስም በፊት ሲመጣ ወልደ ነው፤ «ሮ» ሲከተለው ወይዘሮ ይሆናል።

አንድ ቀን ከማስተባብራቸው ቡድኖች በአንዱ ውስጥ አንድ ሰው «እከሌ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ አያነሣም፤ ደኅና ነው?» ብሎ ጠየቀ። የሥራ ባልደረባው «ማ/ቤት ነው፤ ማታ ይወጣል» ሲል መለሰ። ባልደረባው ማተሚያ ቤት ማለቱ ነበር፤ ሰውየው የመጽሔታቸውን የመጨረሻ ገጾች ሊያርም ሄዶ ማሽኖቹ በሚጮኹበት አዳራሽ ውስጥ ስልኩ አልሰማ ብሎት ነው። ያነበቡት ግን ማረሚያ ቤት አሉ። ጠበቃ የሚያውቅ ጠበቃ ጠቆመ፣ ሌላው ለእህቱ ደወለላት፣ እሷም ሥራዋን ጥላ እያለቀሰች ወጣች። ሰውየው ማታ ስልኩን ሲከፍት ሌሎቹን ጥሪዎች ትቶ መጀመሪያ እህቱን ነው ያረጋጋው። «ማተሚያ» ብሎ ለመጻፍ የሚያስፈልጉት ሦስት ተጨማሪ ፊደላት ብቻ ነበሩ።

ከእንግሊዝኛ የመጡትም አይሻሉም። «ፒ ኤም» ለአንዱ ከሰዓት በኋላ፣ ለሌላው የግል መልእክት፣ ለዜና ተከታታዩ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ለመሥሪያ ቤት ሰው የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ነው። «ኤል ኦ ኤል» ደግሞ ለብዙ ሰው ሳቅ ሲሆን ለአንዳንዶች «ብዙ ፍቅር» ነው። የብሪታንያ ጋዜጦች አዘጋጅ የነበረችው ሪቤካ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ የፕሬስ ሥነ ምግባርን በመረመረው የሌቭሰን አጣሪ ጉባኤ ፊት ቀርባ ስትናገር፣ በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ካሜሮን አንዳንድ መልእክታቸውን «ብዙ ፍቅር» ማለት መስሏቸው በእነዚህ ፊደላት ይጨርሱ እንደነበር ገልጻለች። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንግሊዝኛ የሆነ መሪ ከተሳሳቱ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው የሚያነበው ሰው ቢሳሳት ምን ያስደንቃል?

የእንግሊዝኛን ምኅጻር በግእዝ ፊደል መጻፍ

«ኤፍ ዋይ አይ» ተብሎ የተጻፈን ነገር የማያውቀው ሰው በመፈለጊያ ላይ አስገብቶ ፍቹን ማግኘት ይቸግረዋል። «ለመረጃ ያህል» ብንል ምን ይጎድላል?

የራስን ምኅጻር መፍጠር

ለጊዜያዊ ጉዳይ አዲስ ምኅጻር የሚፈጥሩ ሰዎች አሉ። በአማርኛ ይህ በተለይ አስቸጋሪ ነው። ስያሜዎቻችን ብዙ ጊዜ በ«የ» ስለሚጀምሩ አንዱ «የ»ን ቆጥሮ ያሳጥራል፣ ሌላው ጥሎት ያሳጥራል፤ የአንድ ኮሚቴ ስም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዓይነት መልክ ይይዛል። በዚያ ላይ ነጥቡንና እዝባሩን የሚጥሉ አሉ። «ዶ/ር» እና «ት/ቤት» በእዝባር፣ «ዓ.ም.» እና «ወ.ዘ.ተ.» በነጥብ የሚጻፉት፣ አንባቢው ቃሉ እንዳጠረ እንዲያውቅ ነው። ምልክቱ ሲወድቅ ያጠረው ቃል ከሙሉ ቃል አይለይም።

በመድኃኒት መጠንና በቀን ላይ ማሳጠር

እዚህ ላይ ልመና ነው የማቀርበው። የመድኃኒት መጠን በጨዋታ መካከል ሲነገር እንኳ መለኪያውን ሙሉ በሙሉ ጻፉ። ሚሊ ግራምና ማይክሮ ግራም በ1,000 እጥፍ ይለያያሉ፤ «ግ» ብቻ ጽፎ ማለፍ አደጋ ነው። የሠለጠኑ ሐኪሞች እንኳ በዚህ ተፈትነዋል። ጆይንት ኮሚሽን የተባለው ለአሜሪካ የጤና ተቋማት እውቅና የሚሰጥ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ካገዳቸው የትእዛዝ አጻጻፎች አንዱ «ዩኒት» የሚለውን በአንድ የላቲን «ዩ» ማሳጠር ነው። በእጅ ሲጻፍ ዜሮ ስለሚመስል፣ 4 ዩኒት ኢንሱሊን 40 ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

ዓመት ሲጻፍ ደግሞ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚያስፈልገውን ምኅጻር እንጥለዋለን። «በ2017 ተመረቀ» የሚል መልእክት ያለ «ዓ.ም.» ወይም ያለ «እ.ኤ.አ.» የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያመጣል። ይህን ምኅጻር አትቆጥቡ።

ሐዘንን በሦስት ፊደል መመለስ

እናቱ እንደሞተች ለጻፈ ሰው «አር አይ ፒ» («በሰላም ትረፍ») ብሎ መመለስ፣ ትርጉሙ ቢገባውም ባይገባውም፣ ይጎዳዋል። «ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናህ» ይባላል፤ እሱም ሙሉ ሆኖ ይጻፋል።

የጠየቀውን ማሸማቀቅ

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ምኅጻሩን ሳይፈቱ መጻፍ ቸልተኝነት ነው፤ ይታረማል። «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ በትሕትና የጠየቀን ሰው «ይህንም አታውቅም?»፣ «ጉግል ላይ ፈልግ» ወይም በሳቅ ምልክት መመለስ ግን ሰውን ከውይይት ማባረር ነው። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አዲስ ገቢ ይጠይቃል፤ ሦስት ሰዎች ይስቁበታል፤ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ቃል አይጽፍም። ከእሱ ጋር አብረው ያልገባቸው፣ እሱ በመጠየቁ ደስ ብሏቸው መልስ ሲጠብቁ የነበሩ ሌሎችም ትምህርቱን ይወስዳሉ፦ እዚህ ቤት አይጠየቅም። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እየተባልን ያደግን ሰዎች ጠያቂን እንዴት እናሳፍራለን?

«ፈልገህ አግኝ» የሚለው መልስ በተግባርም አይሠራም። ሁለትና ሦስት ፊደል ይዞ መፈለጊያ ላይ የሚገባ ሰው የድርጅት፣ የበሽታ፣ የመሣሪያና የስፖርት ማኅበር ስም ተደባልቆ ይመጣለታል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። ለጸሐፊው የሁለት ሰከንድ ሥራ የሆነውን ነገር በአንባቢው ላይ የግማሽ ሰዓት ፍለጋ አድርጎ መጫን፣ ያውም የሚያነቡት መቶ ሰዎች ሲሆኑ፣ ለሰው ጊዜ ግድ ማጣት ነው። ምኅጻሩን ማወቅ የአዋቂነት ምልክት አይደለም፤ በአንድ ክፍል ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቆይቶ መገኘትን ብቻ ነው የሚያሳየው። በቡድን ውስጥ ሥልጣን ያላችሁ ሰዎች፣ ጠያቂ ሲሳቅበት ቀድማችሁ መልሱለት፣ ለጥያቄውም በሁሉ ፊት አመስግኑት። እኔ እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ በኋላ ለወራት ዝም ያሉ ሰዎች መጠየቅ ጀምረዋል። ከጠየቁትም መካከል ብዙውን ጊዜ ከእኛ የሚበልጥ እውቀት ያላቸው ተገኝተዋል።

ሁሉንም መፍታት

«ዶ/ር»ን፣ «ዓ.ም.»ን፣ «ት/ቤት»ን አትፍቱ። ማንም አይቸገርባቸውም።

ከላኩ በኋላ መተው

ሳይፈቱ የላኩትን ማረም ይቻላል። ቴሌግራም በቡድን ውስጥ እስከ 48 ሰዓት፣ ዋትስአፕ እስከ 15 ደቂቃ ድረስ የላኩትን ለማስተካከል ይፈቅዳሉ። አንድ ሰው ፍቹን ከጠየቀ ከሥር መልሱለት፤ ቀጥሎም ወደ መጀመሪያው መልእክት ተመልሳችሁ ሙሉውን ቃል አስገቡበት። ከእሱ በኋላ የሚመጣው አንባቢ የሚያየው የላይኛውን ነው፤ ከሥር ያለውን ምላሽ ላያገኘው ይችላል።