ብር ሳይሆን ብሎኬት ጠይቁ

ጎንደር አራዳ ገበያ አጠገብ የህንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። ሚስማር፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ። ሱቁን ከመክፈቴ በፊት አካውንቲንግ የተማርኩት አንድ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲው አሁን ግቢውን ሊያሰፋ ተነሥቷል። የቀድሞ ተማሪዎችም በየከተማችን ኮሚቴ አቋቁመን መዋጮ እያሰባሰብን ነው። የጎንደሩን የምመራው እኔ ነኝ። ሌላ ከተማ ያላችሁ ጓደኞቼ «እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?» እያላችሁ ስለምትደውሉ እስቲ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። 60 ደብዳቤ አሳትሜ፣ ማህተም አስደርጌ ፒያሳ ላይ ሱቅ ለሱቅ አደልኩ። «ለማስፋፊያ ፕሮጀክቱ የበኩልዎን ድጋፍ እንዲያደርጉ በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። የደወሉልኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ነጋዴ ነኝ፤ ቆይቶ ገባኝ። ሰው ሱቄ መጥቶ «የበኩልህን ሽጥልኝ» አይለኝም። «12 ቁጥር ፌሮ፣ 10 ቤርጋ» ነው የሚለኝ።

ስለዚህ ከማንም በፊት የዩኒቨርሲቲውን የፕሮጀክት ቢሮ አናግሩ። የህንፃውን ፕላን፣ የግንባታ ፈቃዱን ኮፒ፣ የሥራ ዝርዝርና ዋጋውን ጠይቁ። እነዚህን ሳትይዙ አትውጡ። የመጀመሪያው ቁም ነገረኛ ሰው የሚጠይቃችሁ «መሬቱ የማን ነው? ፈቃድ አለው?» ብሎ ነው።

ዝርዝሩን ስታገኙ ሰው በእጁ ሊዳስሰው ወደሚችል ነገር መንዝሩት። እኔ በብሎኬት ነው የመነዘርኩት። የአንድ ብሎኬት ፊት 40 በ20 ሳንቲ ነው። 1 ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ተኩል ብሎኬት ይበላል ማለት ነው። 9 በ7 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ውሰዱ። አራቱ ግድግዳ ሲደመር 96 ካሬ ነው። በርና መስኮቱ 16 ካሬ ቢወስድ 80 ይቀራል። 80 ሲባዛ በ12 ተኩል፣ ልክ 1,000 ብሎኬት! ወረቀቱ ላይ ይህን ሳገኝ ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ደወልኩላት። «አንድ ክፍል 1,000 ብሎኬት ነው» የሚለው ከማንኛውም ደብዳቤ ይበልጣል። አንዱ 50 ይላል፣ አንዱ 200 ይላል። የዕድር ጓደኞች አንድ ላይ ሆነው አንድ ግድግዳ ይይዛሉ።

ሌላም ጥቅም አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኛን ሙያ ዋጋ ታውቁታላችሁ። ዛሬ በብር ቃል ገብቶ ከስምንት ወር በኋላ የሚከፍል ሰው፣ ያሰበውን ያህል ዕቃ አይገዛም። በብሎኬት ወይም በኩንታል ሲሚንቶ ቃል የገባ ግን የሚከፍለው በሚከፍልበት ቀን ዋጋ ነው። ዕቃውን ከጎንደር መጫን የለብንም። የዩኒቨርሲቲው ግዢ ክፍል በየወሩ የግቢውን አካባቢ ዋጋ ይልክልናል፣ እኛ በዚያ አስልተን ብሩን ባንክ እናስገባለን። ይህን ግን ቃል ስታስገቡ ፊት ለፊት ተናገሩ። ኋላ ዋጋ ጨምሮ ሲጠብቀው የሚከፋው ሰው አለ፤ እውነት አለው።

ባነር ከመስቀላችሁ በፊት ግማሹን በጓዳ ጨርሱ። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በዓለም ላይ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ የታሰበው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ቃል እስኪገባ ድረስ ዘመቻውን ይፋ አያደርጉም። ሰው ከዜሮ የሚጀምር ነገር ላይ ለመግባት ይፈራል። እኛ መጀመሪያ ያናገርነው አምስት ሰው ብቻ ነው። ዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው ስም ደግሞ የእናንተ የራሳችሁ ይሁን። እኔ አንድ ክፍል ያዝኩ፤ 1,000 ብሎኬት። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት ስቀመጥ አንገቴን አልደፋሁም።

አሁን ጎንደር ላይ ወደሚከብደው ነገር ልግባ። እዚህ ለካቶሊክ ተቋም ስትጠይቁ ታሪክ አብሯችሁ ቤት ይገባል። አፄ ሱስንዮስ እምነታቸውን ለውጠው ካቶሊክ ሆኑ። አገር በጦርነት ተላለቀ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የተባለው ያኔ ነው። ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከአገር ያስወጡት፣ ጎንደርንም መናገሻ ያደረጉት እኚሁ ፋሲል ናቸው። ግንቡ ሥር ያደገ ሰው ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአያቱ ነው የሰማው።

አንድ የማከብራቸው አባት፣ ከሱቄ በላይ የሚኖሩ፣ «ልጄ፣ ፋሲል ያስወጣውን አንተ በብሎኬት ልታስገባ ነው?» አሉኝ። ሳቅ አልነበረበትም። እንዲህ ሲገጥማችሁ አትከራከሩ። ታሪኩ ልክ ነው፤ ቁስሉም እውነተኛ ነው። የደረሰባችሁን ብቻ ተናገሩ። እኔ ኦርቶዶክስ ሆኜ ገብቼ ኦርቶዶክስ ሆኜ ነው የወጣሁት። በተማርኩበት ዘመን ሁሉ እምነትህን ቀይር ያለኝ የለም። ሁዳዴን ስጾም የካፌዋ እመቤት ሽሮዬን ለይታ ታቆይልኝ ነበር። አብሮኝ የሚያድረው ልጅ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነው፤ ዛሬም ለኢድ እደውልለታለሁ። ያስተማሩኝ መነኩሴ የክፍያ ጊዜ ሲያልፍብኝ የሰጡኝን ተጨማሪ ጊዜ አልረሳውም። ይህን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ቡና አስፈሉልኝ። አልሰጡም። ጠዋት ጠዋት ግን እንደወትሮው ሱቄ በር ላይ ቆመው ይመርቁኛል።

አንድ ነገር አደራ፦ «ካቶሊክ» የሚለውን ቃል ለማለዘብ ብላችሁ አትደብቁ። አንዳንዱ የኮሚቴያችን አባል «የግል ዩኒቨርሲቲ ብቻ እንበል» ብሎ ነበር። አይሆንም። ሰው ኋላ ሲሰማ እናንተን ብቻ ሳይሆን ህንፃውንም አያምነውም። ከሌላው ቤተ ክርስቲያን ደጅም ቆማችሁ አትጠይቁ፤ እዚያ የሚሰጠው ለዚያ ቤት ነው።

ጊዜ መምረጥን በአጭሩ። መስከረም ላይ ማንንም አትጠይቁ፤ ደብተርና የትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ወር ነው። በመተማና በሁመራ ሰሊጥ የሚነግዱትን ከምርት በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ አግኟቸው። ጥምቀት ላይ ከውጭ የሚመጣው ወገን ብዙ ነው፤ ግን በጥር 11 ዋዜማ አታስቸግሩት። ታቦቱ ከፋሲል መዋኛ ተመልሶ፣ ሰው ዘመዱን ጠይቆ፣ ሲረጋጋ ቁርስ ጋብዙት። ዋሽንግተን ላለ የክፍል ጓደኛ ደግሞ ቅዳሜ በእኛ ማታ 2 ሰዓት ደውሉ፤ እዚያ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፣ ያነሣል።

ብሩ የሚሄድበት መንገድ ላይ ቀልድ የለም። በግል አካውንት፣ በግል ቴሌብር አንድ ብር እንዳትቀበሉ። የሊቀመንበሩም ቢሆን፣ «ለዛሬ ብቻ» ቢባልም። በዩኒቨርሲቲው ስም የተከፈተ አካውንት ይሁን፣ ቁጥሩም ማህተም ባለው ወረቀት ላይ ይታይ። ጥሬ ገንዘብ ከተሰጣችሁ ሁለት ሆናችሁ ተቀበሉ፣ ደረሰኝ እዚያው ቁረጡ፣ በማግስቱ ባንክ አስገቡ። አዳራሽ ውስጥ ጨረታ የምታወጡ ከሆነ በሞቅታ የተጠራውን ብር እንደ ተከፈለ አትቁጠሩት። ያሸነፈው ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ስሙን፣ ስልኩን፣ የሚከፍልበትን ቀን ጽፎ ይፈርም። ቶምቦላ ካሰባችሁ የሎተሪ ፈቃድ አስቀድማችሁ አውጡ።

ከዓመታት በፊት ለአንድ ሌላ ግንባታ 20 ቆርቆሮ ሰጥቼ ነበር። በደስታ ነው የሰጠሁት። ጣሪያው ይመታ አይመታ እስካሁን የነገረኝ የለም። ቆርቆሮው አይደለም ያሳዘነኝ። ዞር ብሎ የሚያየኝ መጥፋቱ ነው። ለዚህ ነው የኛ ኮሚቴ በየሦስት ወሩ ሰጪ ቤት ድረስ የሚሄደው። የ50 ብሎኬቱም ቤት፣ የ2,000 ብሎኬቱም ቤት። ስልክ ላይ ፎቶ እናሳያለን፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ የሚል አንድ ገጽ እንሰጣለን። የሰጪዎችን ስም ስናወጣ በገንዘቡ ልክ ሳይሆን በፊደል ተራ ነው፤ ሀ ብሎ የሚጀምረው ከላይ ይሁን።

አዘዞ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ እናት አሉ። ልጃቸው እዚያ ዩኒቨርሲቲ አልተማረም፣ እዚያ ዘመድም የላቸውም። ወሬውን ሰምተው 50 ብሎኬት ያዙ፤ በሦስት ጊዜ ከፍለው ጨረሱ። ባለፈው ፎቶውን ይዤ ስሄድ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። «የኔ የትኛው ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የዚያን ዕለት ማታ ለሳይት ኃላፊው ደወልኩ፤ አሁን እያንዳንዱ ሰጪ የትኛው ግድግዳ ላይ እንዳለ በፕላኑ ላይ በእርሳስ እንመዘግባለን። 50 ብሎኬት 4 ካሬ ነው። በሳምንቱ ተመልሼ አሳየኋቸው፦ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከበሩ በስተግራ፣ ሰሌዳው የሚሰቀልበት ግድግዳ።