ስለ ደቡብ እስያ ለማስተማር ከጨውና ከጀሪካን መነሳት

ሃምሳና ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት የአዳማ ክፍል ውስጥ የህንድ ታሪክ በሥርወ መንግሥታት ዝርዝር ከተጀመረ፣ ሞሪያና ጉፕታ ሰሌዳው ላይ ተጽፈው ሳያልቁ የኋላው ወንበር ያንቀላፋል። ስለዚህ ዝርዝሩን ያቆዩትና ተማሪው ከቤቱ የሚያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ጭብጥ ጨው፣ በወረቀት ጠቅልለው ይዘው ይግቡ።

ጨዉን ጠረጴዛው ላይ አፍስሰው፣ ምንም ሳያብራሩ፣ «ይህን ከባሕር ዳር መዝገን ወንጀል ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የአፋርን ጨውና የአያቶቻቸውን የአሞሌ ወሬ የሚያውቁ ልጆች መልስ አያጡም። ክርክሩ ሲሞቅ ወደ ህንድ ይሻገሩ፦ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ጨው ማምረትና መሸጥ በመንግሥት እጅ ስለነበረ፣ የባሕር ዳርቻ ነዋሪ እንኳ ደጁ ላይ የደረቀውን ማንሳት አይፈቀድለትም ነበር፤ ግብሩም የከበደው በድሃው ላይ ነበር። የ60 ዓመቱ ጋንዲ ከ78 ተከታዮቹ ጋር ሳባርማቲ ከነበረው መኖሪያው ተነስቶ፣ 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ ዳንዲ በተባለ የባሕር ዳር መንደር ጨው ያነሳው ይህን ሕግ ለመጣስ ነው። ርቀቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመዝኑት፤ ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ሊሞላ ጥቂት እንደቀረው ይደርሱበታል።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጻፉ። ጉዞው የተጀመረው መጋቢት 3 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲሆን ጨዉ የተነሳው መጋቢት 28 ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት ደግሞ ጋንዲ ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ መጋቢት 24 ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ክፍሉ ቀና የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ጋንዲን ብቻ ይዞ የወጣ ተማሪ ግን ግማሹን ነው የያዘው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ውሃ የሞላ ጀሪካን አምጥተው፣ «ጥበቃው መጥቶ ካልቀዳልን እኔም ሆንኩ እናንተ አንነካም» ይበሉ፤ በአዳማ ሙቀት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ በሊቀመንበርነት የመራው ቢምራኦ አምቤድካር፣ በሂንዱዎች የዘር ደረጃ ከሁሉ በታች ተደርገው እንደ ርኩስ ከሚታዩት፣ «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን በመወለዱ፣ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ቧንቧውን ካልከፈተለት ሳይጠጣ ይውል እንደነበር ይንገሯቸው። ተማሪዎችን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን «የማይነካ» አድርጎ ማጫወትን አልደግፍም፤ በሸክላ ሠሪነት ወይም በቀጥቃጭነት የተገለለ ቤተሰብ ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ሊኖር ይችላልና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 አምቤድካር ተከታዮቹን መርቶ ማሃድ ከተባለ ከተማ የሕዝብ ኩሬ ውሃ ጠጣ፤ በ1956 ደግሞ ናግፑር ላይ ከብዙ መቶ ሺህ ሰው ጋር ቡድሂዝምን ተቀበለ። ሂንዱይዝምንና ቡድሂዝምን በተራ ከማስጠናት ይልቅ፣ «ሃይማኖቱን ለምን ለወጠ?» ከሚለው ጥያቄ ቢነሱ ይሻላል። ሲያብራሩ «ሂንዱዎች እንዲህ ያምናሉ» ይበሉ እንጂ አይፍረዱ፤ አምልኮን በትወና አያሠሩ። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ወንበር በሚቀመጥበት ክፍል፣ ዛሬ በሌላው እምነት የተሳቀው ሳቅ ነገ ወደ ጓደኛ ይዞራል።

«ሐበሻስ እዚያ ደርሶ ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። ማሊክ አምባርን ለቤት ሥራ ያቆዩት፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1548 አካባቢ በአገራችን ተወልዶ በባርነት የተሸጠ፣ በዴካን፣ ማለትም በህንድ ደቡባዊ ደጋ፣ የአህማድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆኖ ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን የሙጓሎችን ጦር ለዓመታት የተቋቋመ፣ በ1626 ያረፈ ሰው ነው። ከቀይ ባሕር በባግዳድ በኩል እስከ ዴካን የተጓዘበትን መንገድ በካርታ ላይ ስለው ይምጡ።