ሉሩ አልቆም ካለ፦ የጠንካራ ሉር ተንሳፋፊነት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ለባስ ዓሣ የሚሠሩ ጠንካራ ሉሮች (ዓሣ የሚመስሉት ሰው ሠራሽ ማጥመጃዎች) ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ተንሳፋፊ፣ ሰማጭ እና መሳቡ ሲቋረጥ ባለበት ጥልቀት የሚቆም። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። 10 ግራም የሚመዝን ሉር በ0.05 ግራም ልዩነት ብቻ ወይ ቀስ ብሎ ይወጣል ወይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው፤ ነገር ግን ከአቃቂ፣ ከገላን ወይም ከዱከም ተነሥቶ ኮካ ሐይቅ ላይ ባርበስ የተባለውን ዓሣ ለሚያጠምድ ሰውም የውሃው ሕግ ያው ነው።

እርሳስ ለመለጠፍ አይቸኩሉ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የክብደት ሳይሆን የአረፋ፣ የስንጥቅ ወይም የክሩ ነው። 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ የወርቅ ሚዛን፣ የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ፣ ቴርሞሜትር፣ ፒንሳና 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሬዲዮ ጠጋኞች የብየዳ እርሳስ ይበቃሉ። ሉሩን አዲስ እያለ መዝነው ቁጥሩን ይጻፉ፤ ኋላ ላይ ይፈለጋል።

ባልዲ ውስጥ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል

ምክንያቱ አረፋ ነው። ከቧንቧ በግፊት የወጣ ውሃ የያዘውን አየር ሲለቅ ጥቃቅን አረፋዎች መንጠቆውና ቀለበቱ ላይ ይጣበቃሉ። 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው አሥር አረፋዎች 0.04 ግራም ያህል ያነሳሉ፤ ሙሉውን ልኬት ለማበላሸት ይህ በቂ ነው። ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ይጠቀሙ። ሉሩን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አሽተው ያለቅልቁት፤ የእጅ ቅባትም አረፋ ይይዛል። ውሃ ውስጥ ካስገቡት በኋላ ሁለት ሦስቴ ያራግፉት።

መሳቡ ሲቆም ወደ ላይ ይወጣል

ሉሩን በእንጨት 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ገፍተው ይልቀቁና ይቁጠሩ። ወደ ላይ ለመድረስ ከ10 ሰከንድ በላይ ከወሰደበት ባይነኩት ይሻላል፤ እንዲህ ቀስ ብሎ የሚወጣ ሉር ያጠምዳል። ፈጥኖ ከወጣ ቀሏል ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚታሰበው መንጠቆ መቀየር ነው። ሁለቱንም ባለሦስት ጥርስ መንጠቆዎች ከ6 ቁጥር ወደ 4 መቀየር (ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆው ይተልቃል) ግማሽ ግራም ያህል ሊጨምር ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ስለሆነ የፊተኛውን ብቻ ቀይረው ይሞክሩ።

ለቀጭን ማስተካከያ የብየዳ እርሳሱን የመሰለ የለም። አንድ ሴንቲ ሜትሩ ውሃ ውስጥ 0.06 ግራም ገደማ ይከብዳል። 2 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው የፊተኛው መንጠቆ ግንድ ላይ ይጠምጥሙ፣ ይሞክሩ፣ ከከበደ 3 ሚሊ ሜትር እየቀነሱ ይሂዱ፤ እያንዳንዷ 3 ሚሊ ሜትር 0.02 ግራም ናት። ልኩ ሲገኝ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ያድርጉበት።

ጎሚስታ ቤት የሚገኘው ተለጣፊ የጎማ ባላንስ እርሳስም ይሠራል፤ ነገር ግን አንዱ ፍሬ 5 ግራም ስለሆነ እንደ ጥፍር ቅራፊ አሳስተው ይቁረጡት። በመቀስ እምቢ ካለ ብረት ነው፣ ይተዉት። እርሳስ መርዛማ ነውና እጅዎን ይታጠቡ፤ ቁርጥራጩን ሕፃናት ከሚደርሱበት ያርቁ። ለሙከራም ወደ ለገዳዲ ወይም ገፈርሳ ይዘውት አይሂዱ፤ የከተማው የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያዎች ናቸው።

ጭራው ወደ ታች፣ አፍንጫው ወደ ላይ

ክብደቱ ወደ ኋላ አድልቷል፤ ብዙውን ጊዜ የኋላው መንጠቆ በትልቅ ስለተቀየረ ነው። ወደ ነበረበት ይመልሱት። እርሳስ ከጨመሩ ሉሩን እርሳስ ብዕር ላይ አጋድመው ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብ ይፈልጉና ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ሆዱ ላይ ይለጥፉ። አፍንጫው በጥቂቱ ዘንበል ማለቱ ጥሩ ነው።

ቤት ውስጥ ልክ ነበር፣ ኮካ ላይ ተበላሸ

ሁለት ነገር ይመርምሩ። አንደኛው ክሩ ነው። ፍሎሮካርቦን ከውሃ 1.78 እጥፍ ስለሚከብድ ሉሩን ይዞ ይወርዳል። ናይሎን 1.14 ገደማ ነው፤ የተጎነጎነ ክር ደግሞ 0.97 ስለሆነ ይንሳፈፋል። ክሩን ከሉሩ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ብረትም ክብደት ነው። ስለዚህ ባልዲ ውስጥ ሲፈትኑ ማያያዣው እንደተሰካ ይሁን፤ ክር ሲቀይሩም እንደገና ይፈትኑ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ኮካ ከአዲስ አበባ ዳርቻ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ስለሚል ውሃው ይሞቃል። ከ15 ወደ 25 ዲግሪ ሲደርስ የውሃው እፍጋት ከ0.9991 ወደ 0.9970 ይወርዳል። የእንጨት ሉር በሙቀት እምብዛም ስለማይሰፋ 10 ግራሙ በ0.02 ግራም የከበደ ያህል ይሆናል። ፕላስቲክ ግን ራሱም ስለሚሰፋ ልዩነቱን ሊያጣፋው ይችላል። እንግዲህ የአንዱን ውጤት ለሌላው አይውሰዱ። ባልዲውን ሙቅ ውሃ ቀላቅለው እንደሚያጠምዱበት ውሃ ያሙቁት፤ የመጨረሻዋን 3 ሚሊ ሜትር ግን ሐይቁ ዳር ይቁረጡ።

ጠዋት ይቆም ነበር፣ ከሰዓት ሰመጠ

ወደ ጆሮ አስጠግተው ያራግፉት፤ የውሃ ድምፅ ካለ ስንጥቅ አለ። የመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሞቀ ሉር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲወረወር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ውሃ ይስባል።

50 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ አረፋ ተከታትሎ የሚወጣበት ቦታ ስንጥቁ ነው፣ ምልክት ያድርጉበት። ሆዱን በ1 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በስተው ውሃውን ያፍስሱ፤ ውስጡ የክብደት ኳሶች ካሉ የሚሮጡበትን ቦይ እንዳይነኩ። ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ደርቋል የሚባለው መጀመሪያ የጻፉት ቁጥር ላይ ሲመለስ ነው። ከዚያ ስንጥቁንም ቀዳዳውንም በኤፖክሲ ደፍነው 24 ሰዓት ያቆዩት። በሞቀበት አይድፈኑት፤ ሲቀዘቅዝ ሙጫውን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ከዋንዛ የተሠራ ሉር ከሆነ ውሃ የሚገባው ብዙ ጊዜ በመንጠቆ ማንጠልጠያው ዙሪያ ቀለሙ በተሰነጠቀበት ነው። አድርቀው ማንጠልጠያውን ዙሪያውን በኤፖክሲ ይክበቡት።

በልኩ ይቆማል፣ ሲሳብ ግን አይወዛወዝም

እርሳሱ በዝቷል ወይም ወደ ከንፈሩ (ከአፍንጫው ሥር ወደ ፊት ወደወጣው ጠፍጣፋ ቅጠል) ተጠግቷል። ወደ አንድ ጎን የሚጋደም ከሆነ እርሳሱ ከሆዱ መሐል መስመር ወጥቷል። ልጠው እንደገና ይለጥፉት፤ ካልተሻለው ሆዱ ላይ ያለውን አንሥተው ያንኑ ክብደት የፊተኛው መንጠቆ ላይ ይጠምጥሙት።