ቮልት አለ፣ ውሃ የለም፦ የተማሪዎች የሶላር ፓምፕ ችግርና መፍትሄ

አዳማ ላይ ፀሐይ አያንስም። ቢሆንም የመመረቂያ ፕሮጀክታቸው የሶላር ፓምፕ የሆነ ተማሪዎች፣ ውሃ አልወጣ ሲል ጥፋቱን ፓነሉ ላይ ይጥላሉ። ገንዘብ አዋጥተው ሁለተኛ ፓነል ሲገዙ ማየት ያሳዝነኛል፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነውና።

ምልክት፦ ፓምፑ ባትሪው አጠገብ ሲሞከር ይሠራል፤ ጉድጓዱ ዘንድ ሲወሰድ ያጉረመርምና ይቆማል። መልቲሜትሩ (የቮልት መለኪያው) ግን እዚያም 12.4 ቮልት ያሳያል።

ምክንያት፦ ንባቡ የተወሰደው ፓምፑ ሳይበራ ነው። የኤሌክትሪክ ጅረት የማያልፍበት ገመድ ቮልት አይቀንስም። 15 ሜትር የተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ መሄጃና መመለሻው 30 ሜትር ስለሚሆን 0.34 ኦም ገደማ መቋቋም አለው። ፓምፑ 5 አምፔር ሲስብ 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተር ሲነሳ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይስባል፤ 15 አምፔር ቢደርስ ከ5 ቮልት በላይ ይጠፋል። ባለ 12 ቮልት ሞተር በ7 ቮልት እንዲነሳ እየጠየቃችሁት ነው።

መፍትሄ፦ ፓምፑ በርቶ ሳለ፣ በራሱ በፓምፑ ጫፍ ለኩ። ከዚያ ወፍራም ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪውንና የቻርጅ መቆጣጠሪያውን (በፓነሉና በባትሪው መካከል ሆኖ አሞላሉን የሚቆጣጠረውን ሳጥን) ወደ ጉድጓዱ አስጠጉ፤ ረጅሙ ገመድ በፓነሉ በኩል ይሁን። ፓነሉ በሥራ ላይ 18 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ፣ አንድ ሁለት ቮልት ቢያጣም ባትሪውን መሙላት አያቅተውም። ይህ ለውጥ አንድ ብር አያስወጣም።

ምልክት፦ ባትሪው ፀሐይ ሲሞላው ውሎ ማታ ባዶ ነው።

ምክንያት፦ ጥላ። በእንዲህ ያለ ፓነል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 36 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘዋል፤ የአንቴና ዘንግ ጥላ አንዱን ሴል ቢሸፍን የሁሉም ጅረት ይታነቃል። ማለፊያ ዳዮዱ (ጅረቱ ጥላ ያለበትን ክፍል ዞሮ እንዲያልፍ የሚያደርገው) ግማሹን ፓነል ቢዘልለው የሚቀረው 9 ቮልት ያህል ነው፤ ይህም 12 ቮልት ባትሪ አይሞላም።

መፍትሄ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ጥላውን በዓይናችሁ እዩ። በበጋ ነፋሱ የሚያመጣውን አቧራም ማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል እጠቡ። ፓነሉ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ይበቃል፤ አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.5 ዲግሪ ላይ ናት፤ 35 ዲግሪ የሚል መመሪያ ለአውሮፓ የተጻፈ ነው።

ምልክት፦ የቻርጅ መቆጣጠሪያው የተሳሳተ ቮልት ይመርጣል። ምክንያት፦ የባትሪውን ቮልት ለይቶ ሳያውቅ ፓነሉ ቀድሞ ተገናኝቶ ይሆናል። መፍትሄ፦ መጀመሪያ ያገናኛችሁት ፓነሉን ከሆነ ሁሉንም ንቀሉ፤ ባትሪውን አስቀድሙ፣ ፓነሉን አስከትሉ። ሲነቀል ፓነሉ ይቀድማል።