በካድሚየም ሰሌናይድ ናኖክሪስታል ውስጥ የኤሌክትሮንን መቀዝቀዝ እንዴት እንለካለን?

ዲያሜትሩ 4 ናኖሜትር ገደማ በሆነ የካድሚየም ሰሌናይድ ናኖክሪስታል ውስጥ የተቀሰቀሰ ኤሌክትሮን ከሁለተኛው እርከን (1ፒ) ወደ ዝቅተኛው (1ኤስ) የሚወርደው፣ ማለትም የሚቀዘቅዘው፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 ፒኮሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ባነሰ ጊዜ ነው። ይህን ለመከታተል ከታይታኒየም ሰፋየር ሌዘር የሚወጣውን የ800 ናኖሜትር ብርሃን ይክፈሉት፤ አንዱን ክፍል ወደ 400 ናኖሜትር ለውጠው ለመቀስቀሻ፣ ሌላውን በሰፋየር ውስጥ ወደ ነጭ ብርሃን ለውጠው ለመመርመሪያ ያውሉት። መዘግየቱ የሚስተካከለው በተንቀሳቃሽ መስታወት ሲሆን፣ ብርሃኑ ሄዶ ስለሚመለስ 0.15 ሚሊ ሜትር መግፋት 1 ፒኮሰከንድ ያህል ያዘገያል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የመቀስቀሻው ብርታት ነው። በአንድ ክሪስታል ውስጥ ከአንድ በላይ የኤሌክትሮንና የሆል (ኤሌክትሮኑ ሲነሳ የተወው ባዶ ቦታ) ጥንድ ከተፈጠረ፣ አንዱ ጥንድ ሲጠፋ ጉልበቱን ለሌላው አቀብሎ እንደገና ያግለዋል፤ ልኬቱም ይበላሻል። ስለዚህ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር የሚያርፉትን ፎቶኖች ብዛት በክሪስታሉ የመምጠጫ ስፋት (ብርሃን የመምጠጥ አቅሙን በስኩዌር ሴንቲሜትር የሚገልጽ መጠን) አባዝተው ውጤቱ ከ0.1 በታች መሆኑን ያረጋግጡ፤ በ0.1 እንኳ ከተቀሰቀሱት ክሪስታሎች 5 በመቶ ያህሉ ከአንድ በላይ ጥንድ ይይዛሉ። ቻርጅ ይዘው የሚቀሩ ክሪስታሎችም ተመሳሳይ የሐሰት ምልክት ስለሚሰጡ ናሙናውን ያማስሉት።

የነጭ ብርሃኑ ቀለሞች እኩል ስለማይደርሱ የእያንዳንዱን ዜሮ ሰዓት (ከመቀስቀሻው ጋር እኩል የሚደርስበትን ቅጽበት) በንጹህ ማሟሚያ ይለኩ፤ ሥራው አሰልቺ ቢሆንም ያለ እሱ የፌምቶሰከንድ (የፒኮሰከንድ አንድ ሺህኛ) ውጤት ትርጉም የለውም። ከዚያም ኤሌክትሮኑ 1ፒን ለቆ 1ኤስን ሲይዝ የ1ኤስ የመምጠጫ ጫፍ እየደበዘዘ ሲሄድ የ1ፒው አብሮ ማገገሙን ይመልከቱ።

ትርጓሜው ላይ መቸኮል አይገባም። በሁለቱ እርከኖች መካከል 300 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ልዩነት ሲኖር፣ የክሪስታሉ አንድ ፎኖን (የአተሞቹ ንዝረት አንድ እሽግ) የሚወስደው 26 ገደማ ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤሌክትሮኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይዘገያል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ነገር ግን የሆል እርከኖች የተቀራረቡ በመሆናቸው ኤሌክትሮኑ ጉልበቱን በአንድ ጊዜ ለሆሉ ያስረክባል፤ ሆሉም በፎኖኖች አማካይነት ደረጃ በደረጃ ያራግፈዋል። ይህን ለመፈተን ሆልን የሚይዝ እንደ ፒሪዲን ያለ ሞለኪውል ከገጹ ጋር ያያይዙ፤ ሆሉ ሲለይ የኤሌክትሮኑ አወራረድ ይዘገያል። በ2008 የሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ፓንዴ እና ጉዮ ሲዮኔ በወፍራም ሽፋን ከ1 ናኖሰከንድ በላይ አዘግይተውታል፤ ሽፋኑ ኤሌክትሮኑን ከገጹ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ንዝረት ጭምር ያርቀዋልና። ስለዚህ የናሙናዎን ገጽ የሸፈነው ሞለኪውል ምን እንደሆነ ሳይመዘግቡ ያገኙትን ፍጥነት ከሌላ ቤተ ሙከራ ውጤት ጋር አያነጻጽሩ።